የትሪስትራም ሱቆችና የተዘጋው ሐራጅ ቤት

በማርች 18 ቀን 2014 ዓ.ም. አንድ ስመ ጥር ሐራጅ ቤት በሩን ዘጋ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱ የከሰረ አልነበረም። ዕዳውን የጠየቀ ባንክ ፤ ንብረቱን ያስከበረ ፍርድ ቤትም አልነበረም። ሻጭና ገዢ እስከ መጨረሻው ድረስ ይመላለሱበት ነበር ፤ ባለቤቱም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሲዮኑን ይቀበል ነበር። የተዘጋበት ምክንያት ለነጋዴ ጆሮ ግር የሚያሰኝ ነው ፤ ይኸውም ገበያው እጅግ የተመቸ ሆኖ ከመገኘቱ የተነሣ ፣ ሸቀጡን ፈልገው የሚያመጡት ሰዎች ሥራቸውን እየጠሉት ስለ ሄዱ ነው።

ሐራጅ ቤቱ ግንብም ጣራም አልነበረውም። ይሸጡበት የነበሩት ሰይፎች ፣ ጥሩሮች ፣ ጋሻዎችና ቀለበቶች በእጅ የማይዳሰሱ ፣ «ዲያብሎ» ሦስተኛው ክፍል በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ብቻ የሚታዩ ዕቃዎች ነበሩ። ይከፈልባቸው የነበረው ገንዘብ ግን የጨዋታ ገንዘብ ብቻ አልነበረም ፤ ሰዎች ሠርተው ያገኙት እውነተኛ ዶላር ፣ ዩሮና የእንግሊዝ ፓውንድ ጭምር ነበር። ነገሩ ለልጆች መዝናኛ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በ20 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በዚህ ጨዋታ ዙሪያ ገንዘብ ተፈጥሯል ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ ተሠርቷል ፣ የዋጋ ንረት ደርሷል ፣ አየር በአየር ነጋዴም በቅሏል። ሌላ አገር በመቶ ዓመት የሚያየውን ሁሉ ይህ የሌለ አገር በአጭር ጊዜ አይቶታል።

ጨዋታውን የማያውቅ አንባቢ አስቀድሞ አኳኋኑን ቢረዳ ይሻላል። ተጫዋቹ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አንድ ጀግና ይመርጣል። በ1996 መጨረሻ ላይ በወጣው በመጀመሪያው ክፍል ምርጫው ሦስት ነበር ፤ ጦረኛው ፣ ቀስተኛዪቱና አስማተኛው። ጀግናው ትሪስትራም በምትባል ጭር ባለች መንደር ይቆማል። ከመንደሪቱ ዳር የፈረሰ ካቴድራል አለ ፤ ከካቴድራሉም ሥር 16 ፎቅ ወደ ታች የሚወርድ ጨለማ አለ። የመጀመሪያዎቹ አራት ፎቆች የካቴድራሉ ምድር ቤቶች ፣ ቀጥለው ያሉት አራት የመቃብር ዋሻዎች ፣ ከዚያ አራት የድንጋይ ዋሻዎች ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ሲኦል ራሱ ናቸው። በ16ኛው ፎቅ የጨዋታው ስም ባለቤት ይጠብቃል።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ማውስ የሚባለውን የእጅ መሣሪያ በመሬት ላይ ቢጫኑት ጀግናው ይራመዳል ፤ በጠላት ላይ ቢጫኑት ይመታል። ዐፅሞች ከጨለማ ይወጣሉ ፣ ይመታሉ ፣ ይፈርሳሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደም በረጨው ክፍል ውስጥ ሥጋ ቆራጩ የሚባል አስፈሪ ፍጡር ተቀምጧል ፤ በሩን ሳያውቅ የከፈተ አዲስ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። የፎቆቹም አሠራር በእያንዳንዱ አዲስ ጨዋታ በኮምፒዩተሩ ዕጣ ስለሚለዋወጥ ትናንት የነበረው መንገድ ዛሬ የለም። ይህ ሁሉ ግን ሰውን ሌሊቱን ሙሉ አያስቀምጠውም። የሚያስቀምጠው ጠላቱ ሲወድቅ ከጎኑ የሚወድቀው ዕቃ ነው።

ቀለበት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። በጨዋታው የቆየ ሰው ያንን ድምፅ በጩኸት መካከል እንኳ ይለየዋል። ስሙ በነጭ የተጻፈ ዕቃ ተራ ነው ፤ በሰማያዊ የተጻፈ አስማት ያለበት ነው ፤ በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ደግሞ ብርቅ ነው። ሰማያዊው ዕቃ ምን ኃይል እንዳለው ወዲያው አይታወቅም ፤ አዋቂ ሊመረምረው ይገባል። እንግዲህ ተጫዋቹ የማይታወቅ ነገር በኮሮጆው ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ያልፋል ፣ ሌላም ያነሣል ፤ ልቡም የሚመታው ከፊቱ ስላለው ጭራቅ ሳይሆን ገና ስላልታየው ስለ ኮሮጆው ዕቃ ነው። ያልተፈታ ቦንዳ ከጉምሩክ መጋዘን ተረክቦ ወደ ሱቁ የሚያስጭን ነጋዴ ይህን ስሜት ሳያውቀው አይቀርም።

ኮሮጆውም ወሰን አለው። በጠቅላላው 40 ትናንሽ አራት ማዕዘን ቦታዎች አሉት ፤ አንድ ጥሩር ስድስቱን ይይዛል ፣ ቀለበት አንዱን ብቻ። ወርቁም ቦታ ይይዛል ፤ በአንዱ ቦታ ከ5,000 በላይ አይገባም። ስለዚህ ባለጸጋው ተጫዋች ጥሩር ቢያገኝ ማንሻ ያጣል። ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን በመጀመሪያው ክፍል ስላልነበረ ብቻቸውን የሚጫወቱ ሰዎች ወርቃቸውን በመንደሩ ሜዳ ላይ ዘርግተው ይተዉት ነበር። ሌባ ስላልነበረ ያድራል።

የኮሮጆው መሙላት ተጫዋቹን ወደ መንደሩ ይመልሰዋል ፤ በመንደሩም ሱቆቹ አሉ። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ንግድ ያውቁ እንደ ነበር ከዚህ ላይ ይታያል። አንጥረኛው ግሪስዎልድ መሣሪያ ይሸጣል ፣ ይገዛል ፣ ይጠግናል። ሲገዛ ግን የሚከፍለው ከዕቃው ዋጋ ሩቡን ብቻ ነው። መሣሪያ ሁሉ በጠብ ይበላሻልና የጥንካሬው ልክ አልቆ ዜሮ የደረሰ ዕቃ ፈጽሞ ይጠፋል ፤ ስለዚህ ለጥገና የሚወጣው ወርቅ ቀላል አይደለም። ፈዋሹ ፔፒን የመድኃኒቱን ብልቃጥ በ50 ወርቅ ይሸጣል። ሽማግሌው ዴካርድ ኬይን የማይታወቀውን ዕቃ መርምሮ ለመግለጥ ከትንሹም ከትልቁም 100 ወርቅ ይቀበላል ፤ የረከሰ ሆኖ ቢገኝም ዋጋውን አይመልስም።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን ዊርት የሚባለው ልጅ ነው። ዊርት አጋንንት ወደ ጉድጓድ ወስደውት አንድ እግሩን ያጣ ፣ በእንጨት እግር የሚሄድ ፣ ከመንደሩ ዳር ብቻውን የሚቆም ብላቴና ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ ብቻ ነው። ያንን አንድ ዕቃ ለማየት ብቻ 50 ወርቅ ይጠይቃል ፤ ዕቃው ታይቶ ባይወደድም 50ው አይመለስም። ቢወደድ ደግሞ ዋጋው ከተገቢው በግማሽ ይበልጣል። በመርካቶ እንዲህ ያለ ባለሱቅ ቢኖር በሳምንቱ ደንበኛ አጥቶ ይዘጋ ነበር ፤ በትሪስትራም ግን ተጫዋቾች እየተራገሙም ቢሆን 50ውን ይከፍሉት ነበር ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ልጁ ከአንጥረኛው ዘንድ የማይገኝ ዕቃ ይዞ ይገኛል።

ጨዋታውን የጀመሩት ዴቪድ ብሬቪክና ማክስና ኤሪክ የሚባሉት የሼፈር ወንድማማቾች ፣ በ1993 በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት ኮንዶር የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። ስሙም የስፓኝ ቃል ሆኖ ዲያብሎስ ማለት ቢሆንም የተወሰደው ብሬቪክ ይኖርበት በነበረው አካባቢ ካለው ማውንት ዲያብሎ ከሚባለው ተራራ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ ጨዋታው እንደ ሰንጠረዥ በተራ በተራ የሚሄድ ነበር። አሳታሚው ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስ እንዲሆን ለመነ። ብሬቪክ በኋላ በአደባባይ እንደ ተናገረው ፣ ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚወስድ መሆኑን ገልጾ ተጨማሪ ክፍያ አስፈቀደ ፤ ከዚያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ ጨረሰው። ዐፅሙን አንድ ጊዜ ተጭኖ ጀግናው ራሱ ሄዶ ሲመታው ባየ ጊዜ አዲስ ነገር እንደ ተፈጠረ እንደ ገባው ይናገራል። ብሊዛርድም በ1996 ኩባንያውን ገዝቶ ከራሱ ጋር ቀላቀለው።

ከጨዋታው ጋር ባትል ኔት የሚባል አገልግሎት ተከፈተ። በዚህ አገልግሎት በተለያየ አገር ያሉ ተጫዋቾች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገናኛሉ ፣ አብረው ይዋጋሉ ፣ ዕቃም ይለዋወጣሉ። የሰው ለሰው ገበያ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው ፤ ሐሰተኛ ዕቃም አብሮ ተጀመረ። የእያንዳንዱ ጀግና መዝገብ በተጫዋቹ ቤት ባለው ኮምፒዩተር ይቀመጥ ስለ ነበር መዝገቡን መፋቅና መደለዝ ለአዋቂ ሰው ከባድ አልነበረም። ከዚህም ሌላ አንድን ዕቃ ሁለት የማድረግ ዘዴ ተገኘ። በስሙ ላይ የዓሣ ነባሪ ኃይል የተጨመረበት አንድ እጅግ ጠንካራ ጥሩር ነበር ፤ በሕጋዊ መንገድ ለማግኘት ዕድሜ የማይበቃው ዕቃ ነው። ይኸው ጥሩር ተባዝቶ ተባዝቶ በመጨረሻ የማይለብሰው ሰው ጠፋ። በታማኝነት የሚጫወት ሰው ሰይፉን ይዞ ወደዚያ ገበያ ቢወጣ የሚገዛውም የሚያምነውም አላገኘም።

ሁለተኛው ክፍል በ2000 ሲወጣ ኩባንያው ትምህርቱን ይዞ ነበር። መዝገቡን ከተጫዋቹ ቤት አውጥቶ በራሱ ማሽኖች ላይ አስቀመጠ። ሰይፍ ለመለዋወጥም ሁለት ተጫዋቾች ዕቃቸውን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አቅርበው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ የሚፈጸምበትን ሥርዓት ሠራ። ወርቅ ግን በሁለተኛው ክፍል ገንዘብ መሆን አቃተው። አንድ ጀግና ሊይዝ የሚችለው ወርቅ በደረጃው ልክ ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ 10,000 ተብሎ ተወስኗል ፤ ሲሞትም ከያዘው ይቀነስበታል። በሌላ በኩል ወርቁ ከጭራቁ ሁሉ እንደ አቧራ ይወድቃል። በብዛት የሚገኝ ፣ ብዙ የማይያዝ ፣ በሞት የሚቀንስ ነገር ለትልቅ ንግድ አይሆንም።

ስለዚህ ተጫዋቾች ማንም ሳያዛቸው የራሳቸውን ገንዘብ መረጡ። የመረጡትም የዮርዳኖስ ድንጋይ የሚባለውን ቀለበት ነው። ቀለበቱ የጀግናውን ችሎታ ሁሉ በአንድ ደረጃ ከፍ ስለሚያደርግ በየትኛውም ዓይነት ጀግና እጅ ይጠቅማል። በኮሮጆ ውስጥ የሚይዘው አንዲት ቦታ ነው። የሚገኘውም በጭንቅ ነው። አንዱ ቀለበት ከሌላው አይለይም ለማለት ይቻላል። የኢኮኖሚ መጻሕፍት መልካም ገንዘብ ሊኖረው ይገባል የሚሉትን ፣ ማለት ለመያዝ መቅለልን ፣ መመሳሰልን ፣ ብርቅ መሆንንና ለሁሉ መጥቀምን ፣ መጽሐፍ ያላነበቡ ወጣቶች በገበያው ውስጥ ራሳቸው ፈልገው አገኙት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰይፍ በሁለት ዮርዳኖስ ፣ ጥሩር በአምስት ዮርዳኖስ ተብሎ ይጠራ ጀመር። ወርቁም ከናካቴው አልተጣለም ፤ በመንደሩ ነጋዴ ዘንድ ዕቃው ሳይታይ በሚገዛበት የቁማር ሱቅ ቀለበት በቀለበት ላይ እየገዙ ዮርዳኖስ እንዲወጣላቸው የሚሞክሩ ነበሩና።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። አሞሌ ጨው በሀገራችን ገበያ ለብዙ ዘመን ገንዘብ ሆኖ ሲሠራ ገዢው ቢፈልግ ይሸጥበታል ፣ ቢፈልግ ወጥ ያጣፍጥበታል። የዮርዳኖሱም ቀለበት እንደዚሁ ነው ፤ ባለቤቱ ቢፈልግ ያወጣዋል ፣ ቢፈልግ ያደርገዋል።

አሞሌ ግን በአንድ ሌሊት አይባዛም። ቀለበቱ ተባዛ። ኩባንያው በር በዘጋ ቁጥር አባዦቹ መስኮት እያገኙ ገበያው በቅጂ ቀለበት ተጥለቀለቀ ፤ ትናንት በአንድ ይገኝ የነበረው ዕቃ ዛሬ በአሥር ተጠየቀ። በዚህ ጊዜ ኩባንያው በ2003 ያደረገው ነገር የገንዘብ ሚኒስትሮችን ሊያስቀና የሚችል ነው። የዮርዳኖስ ቀለበቶች በብዛት ለመንደሩ ነጋዴዎች ቢሸጡ በጨዋታው ዓለም ሁሉ ማስታወቂያ ይነገራል ፤ ይህን ያህል የዮርዳኖስ ድንጋይ ለነጋዴዎች ተሸጧል ይላል። ቁጥሩ ከአንድ ልክ ሲደርስ ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለች ፣ ከተለመደው እጅግ የበረታ ዲያብሎም ይወጣል። እርሱን የገደለ ሰው በሌላ መንገድ የማይገኝ ትንሽ ክታብ ያገኛል። ተጫዋቾችም ክታቡን ለማግኘት ቀለበታቸውን በርካሽ ለሱቅ እየሸጡ አጠፉት። አዋጅ ሳይወጣ ፣ ማንም ሳይወረስ ፣ የበዛው ገንዘብ በሰዎቹ ፈቃድ ከገበያ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ገንዘብነቱ እየዋለ እያደረ ወደ ፊደል ድንጋዮች ዞረ። እነዚህ ሩን የሚባሉት ድንጋዮች በ2001 የመጡ ፣ በቁጥር 33 ዓይነት የሆኑ ፣ በመሣሪያ ላይ በተወሰነ ቅደም ተከተል ቢሰኩ ትልቅ ኃይል የሚሰጡ ናቸው። ዝቅተኞቹን አዋሕዶ ከፍ ወዳለው ደረጃ መለወጥ ስለሚቻል ዝርዝርና ድፍን ገንዘብ እንደ መሆን ያገለግላሉ። በ2013 በኒው ዚላንድ ግራይንዲንግ ጊር ጌምስ የተባለ ኩባንያ ያወጣው «ፓዝ ኦቭ ኤግዛይል» የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ይህን ልማድ አይቶ ገና ሲጀመር ወርቅ የሚባል ነገር አላስገባም ነበር። በወርቅ ፈንታ ልዩ ልዩ ሉሎች ተተኩ ፤ እያንዳንዱም ሉል ዕቃን ለማሻሻል የሚጠቅምና በሥራ ላይ ሲውል የሚያልቅ ነው። ገንዘቡ ራሱ የሚበላ ስለሆነ መብዛቱ በመበላቱ ይቀንሳል።

እንግዲህ ወደ ሐራጁ ቤት እንመለስ። በሁለተኛው ክፍል ዘመን ከጨዋታው ውጭ ሌላ ገበያ በቅሎ ነበር። ቀለበትና ሰይፍ በእውነተኛ ዶላር የሚሸጡ ድርጅቶች በኢንተርኔት ተከፈቱ። ገንዘቡን ተቀብሎ ዕቃውን የማያስረክብ ፣ ዕቃውን ሸጦ የደንበኛውን መዝገብ የሚሰርቅ ብዙ ነበር። ብሊዛርድ በኦገስት 2011 በሦስተኛው ክፍል እኔው ራሴ ሐራጅ ቤት እከፍታለሁ ሲል የሰጠው ምክንያት ይህ ነው ፤ ሰዎች መሸጣቸው ካልቀረ ሳይታለሉ ይሽጡ የሚል ነበር። ምክንያቱ ትክክለኛ ነው። ተጫዋቹን ከአጭበርባሪ የሚያድን ፣ ዋጋውን ለሁሉ ግልጥ የሚያደርግ ገበያ መክፈት በማናቸውም አገር የሚመሰገን ሥራ ነው።

ሦስተኛው ክፍል በሜይ 15 ቀን 2012 ወጣ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ ከኩባንያው ማሽኖች ጋር በኢንተርኔት መገናኘት ግዴታው ነበርና በመጀመሪያው ቀን መስመሩ ተጨናንቆ ብዙ ሰው 60 ዶላር የከፈለበትን ጨዋታ ሳይከፍት «ስሕተት 37» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ አመሸ። የእውነተኛው ገንዘብ ሐራጅ ቤት በአሜሪካ በጁን 12 ተከፈተ። በደቡብ ኮርያ ግን ጨዋታው በመንግሥት ቦርድ የተፈቀደው ያለዚህ ሐራጅ ቤት ነው።

ደንቡ ለነጋዴ የሚገባ ነው። ሁለት ሐራጆች ነበሩ ፤ አንዱ በጨዋታው ወርቅ ፣ ሁለተኛው በእውነተኛ ገንዘብ። በሁለተኛው አንድ ሰይፍ ወይም ጥሩር ሲሸጥ ኩባንያው አንድ ዶላር ያስቀራል ፤ እንደ ወርቅ በብዛት የሚሸጥ ነገር ከሆነ ከመቶ 15 ያስቀራል። ሻጩ ገንዘቡን አውጥቶ ወደ ፔይፓል ሒሳቡ ለማስተላለፍ ቢፈልግ እንደ ገና ከመቶ 15 ይቀነስበታል። የአንድ ዕቃ ከፍተኛ ዋጋ 250 ዶላር ነበር። ገዢው የሚፈልገውን ኃይል ዓይነት ጽፎ ሲጠይቅ መዝገቡ በአንድ ዐይን ጥቅሻ በሺህ ከሚቆጠረው ዕቃ መካከል ለይቶ ያቀርብለታል። ዕቃውም ወዲያው ይደርሳል ፤ ማጭበርበር የለም ፣ ደላላ የለም ፣ መመላለስ የለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ቀስ ብሎ የመጣ ነው። በሦስተኛው ክፍል ዕቃ በወርቅ ይጠገናል እንጂ አይጠፋም ፤ የሸጡትም ዕቃ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው ያለ ወሰን ይተላለፋል። ስለዚህ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አዲስ ዕቃ ሲጨምር ከገበያው የሚወጣ የለም። ተራውና መካከለኛው ዕቃ ረከሰ ፤ ምርጡ ብቻ ዋጋ አወጣ። ያ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ከሥራ ተመልሶ ማታ ሦስት ሰዓት ያህል ተዋግቶ አንድ ሰይፍ ቢያገኝ ከዚያ የሚሻለው ሰይፍ በሐራጅ ቤቱ በጥቂት ወርቅ ተሰቅሎ ያየዋል። ያ የቀለበት ድምፅ ልብ ማስደንገጡ ቀረ። ተጫዋቹ ከጭራቅ ጋር መዋጋቱን ትቶ ሐራጅ ቤቱ ውስጥ ዋጋ ሲያነብ ማምሸት ጀመረ ፤ በርካሽ ገዝቶ በውድ የሚሸጠው አየር በአየር ነጋዴ አንድም ዐፅም ሳይመታ ከጀግኖች ሁሉ የተሻለ ታጠቀ።

ማንም ሕግ አልጣሰም። ይህ ነው የነገሩ አስቸጋሪነት። ገዢው የሚፈልገውን በተገቢው ዋጋ ያገኛል ፤ ሻጩ ተገቢውን ያገኛል ፤ ገበያው እንደ ተባለው ይሠራል። ነገር ግን በጨዋታ ውስጥ ድካሙ ራሱ ሸቀጡ ነው። ሰው 60 ዶላር የከፈለው ሰይፍ ለማግኘት ሳይሆን ሰይፍ ለመፈለግ ነበር። ፍለጋውን የሚያሳጥር ገበያ ደንበኛውን እየረዳ የገዛውን ዕቃ ይወስድበታል። ስንዴ የሚሸጥ ነጋዴ ይህ ችግር አይደርስበትም ፤ ስንዴ የሚገዛ ሰው ሁሉ ማረስ ይወድ ከነበረ ግን ይደርስበት ነበር።

ወርቁም እየረከሰ ሄደ። በሜይ 2013 ደግሞ የባሰ ነገር ተፈጠረ። ኩባንያው በሐራጅ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚሸጠውን የወርቅ መጠን ከአንድ ሚሊዮን ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ ሲያደርግ በሥራው ላይ ስሕተት ገባ ፤ ስሕተቱን ያገኙት ሰዎች ለሽያጭ ያቀረቡትን ወርቅ እየሰረዙ እጥፍ አድርገው መቀበል ቻሉ። በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ቁጥሩ ለመናገር የሚያስቸግር ወርቅ ተፈጠረ። ሁለቱም ሐራጅ ቤቶች ወዲያው ተዘጉ ፣ መዝገቡ ተመረመረ ፣ አጥፊዎቹ ተቀጡ ፤ ከሽያጫቸው የተያዘው ገንዘብ የኩባንያው ኮሚሲዮን ሳይቀር ለሕፃናት ሆስፒታሎች መርጃ እንዲሰጥ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ፒተር ኧርል የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ጸሐፊ የዚህን ጨዋታ የወርቅ ንረት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ከደረሰው የማርክ መውደቅ ጋር አነጻጽሮ ጽፏል።

ጨዋታውን የመራው ጄይ ዊልሰን ከዚህ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የሙያ ጉባኤ ላይ ፣ ሐራጅ ቤቱ ጨዋታውን እንደ ጎዳው በግልጥ ተናግሯል። በሐሳባቸው ጥቂት ሰው ብቻ ይጠቀምበታል ብለው ነበር ፤ የተገኘው ግን ሁሉም ለማለት የሚቻል ሰው መጠቀሙ ፣ ከግማሽ የሚበልጠውም አዘውትሮ መጠቀሙ ነው። በወዲያው ለመዝጋት ያልቻሉበትንም ምክንያት ሲያስረዳ ፣ ምን ያህሉ ተጫዋች እንደሚወደው ፣ ምን ያህሉ እንደሚጠላው አናውቅም ብሏል። በሴፕቴምበር 17 ቀን 2013 የመዝጊያው ማስታወቂያ ወጣ ፤ ለመሸጥ የሚፈልግ ሁሉ እንዲዘጋጅ ስድስት ወር ተሰጠ። አንድ ኩባንያ ኮሚሲዮን የሚያስገባለትን ቤት በፈቃዱ መዝጋቱ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም ፤ ከተመሰገነበትም ሥራ አንዱ ይህ ነው።

ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት በፌብሩዋሪ 2014 የዕቃው አወራረድ ተለወጠ። የሚወድቀው ዕቃ ቁጥሩ እንዲያንስ ፣ ጥራቱ እንዲጨምር ፣ ለያዘው ጀግና የሚስማማ እንዲሆን ተደረገ። ምርጡ ዕቃ ደግሞ ያገኘው ሰው ንብረት ሆኖ እንዲቀር ተወሰነ ፤ ለሌላ ሊሰጥ የሚችለው በተገኘበት ሰዓት አብረውት ለነበሩ ጓደኞቹ ፣ ያውም በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። በማርች 25 የወጣው ተጨማሪ ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት 2.7 ሚሊዮን ተሸጠ። በ2015 የሦስተኛው ክፍል ጠቅላላ ሽያጭ ከተጨማሪው ጋር 30 ሚሊዮን ደረሰ ተብሎ ተነገረ። ንግዱን ሲያጠፉ ንግዳቸው በረከተ ለማለት ይቻላል ፤ ምንም እንኳ ገበያውን የሚወዱ ተጫዋቾች ነገሩን እስከ ዛሬ ቢያዝኑበትም። እነርሱም ወደ ሌላ ጨዋታ ሄደዋል ፣ ወይም በ2021 ታድሶ ወደ ወጣው ወደ ሁለተኛው ክፍል ተመልሰዋል ፤ እዚያ ሰው ከሰው ጋር ተነጋግሮ በፊደል ድንጋይ ይገበያያል ፣ ይከራከራል ፣ አንዳንዴም ይታለላል።

በዚያው በሁለተኛው ክፍል ተጫዋቹ በአንድ ወቅት ወደ ትሪስትራም ይመለሳል። መንደሩ ተቃጥሏል። አንጥረኛው ግሪስዎልድ ሰውነቱን ለቆ ጭራቅ ሆኖ ይጠብቃል ፤ ሩብ ዋጋ ይከፍል የነበረው ሰው አሁን በመዶሻ ይቀበላል። ሽማግሌው ኬይን በብረት ጎጆ ታስሮ ተሰቅሏል ፤ ያስፈታውን ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ክፍያ ያገለግለዋል። ከመንደሩ ዳር ደግሞ የዊርት ሬሳ ወድቋል። ተጫዋቹ ሬሳውን ሲነካው የእንጨት እግሩን ያገኛል ፤ እግሩንም ከመጽሐፍ ጋር በአስማተኛው ሣጥን ውስጥ ቢያዋሕድ ቀይ በር ይከፈታል ፣ በውስጡም በሁለት እግራቸው የቆሙ ፣ ጦር የያዙ ላሞች ይጠብቁታል። ብዙ የቆዩ ተጫዋቾች የፊደል ድንጋይ ሲፈልጉ እስከ ዛሬ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። እግሩን ለማንሣት 50 ወርቅ የሚጠይቃቸው የለም።